አሥራ ሁለት ጊዜ የከበረ ሰላምታ

ሐጂ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው አለቃችን ጠሩኝና «ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገቢ» አሉኝ። ሐጂ የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የጀጎል ቤቶች የድሮ ማህደሮች የት እንዳሉ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቤቱን ሊያድስ የመጣ ሰው ሁሉ ወረቀቱን የሚያገኘው በእሳቸው እጅ ነው። ሳይጽፉ ከወጡ ማህደሮቹም አብረዋቸው ጡረታ ወጡ ማለት ነው።

ስለዚህ ለሠራተኛው የአሠራር መመሪያ የሚሆን ድረ ገጽ ጀመርን። እሳቸው በደብተር ይጽፋሉ፣ እኔ እተይባለሁ። በገጹ ጎን «የቤት እድሳት»፣ «የካርታ ቅጂ» የሚሉ ርዕሶች ያሉበት ማውጫ ደረደርኩ። ርዕሱን ሲጫኑት ከሥሩ ያሉት ገጾች ስም ይዘረገፋል፤ መሃል ላይ ግን ምንም አይመጣም።

«ልጄ፣ ይሄ አንኳኩተው ሰው የማይወጣበት ቤት ነው» አሉኝ ሐጂ።

እውነታቸውን ነው፤ ለየርዕሱ መግቢያ ገጽ ያስፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነኝ፤ ስንፍናዬንም «ቴክኖሎጂ» እያልኩ ነው የምጠራው። ድረ ገጹን የሚያቀናጀው ፕሮግራም ቅንብር ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩና መግቢያውን ራሱ እንዲሠራ አዘዝኩት። ከየገጹ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ወስዶ ከገጹ ስም ሥር መግለጫ አድርጎ ያስቀምጣል። ተጫንኩት። አሥራ ሁለት ገጽ፣ አሥራ ሁለት መግለጫ፣ ሁሉም «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» ይላል።

ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያለ ሰላምታ ጽሑፍ እንዴት ይጀመራል? እኔ ሳቄን አፍኜ ስቀመጥ፣ እሳቸው በኩራት አነበቡትና «ማሻአላህ፣ አንዱንም አልረሳሁም» አሉ።

ሲወጡ ጠብቄ ሰላምታዎቹን አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። መግለጫዎቹ አሁን «መታወቂያ ይቅረብ»፣ «ሁለት ፎቶግራፍ ይያያዝ» ሆኑ። በማግስቱ ዐይኔን በጨው አጥቤ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወላሂ፣ አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤትሽ ሲመጣ በር ላይ መታወቂያ አምጣ ነው የምትዪው?»

«ሐጂ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው።»

«የሚያነበውስ?»

ደብተሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በፈላና በር በኩል ወደ ቤታቸው ሄዱ። የድሮ ማህደሮቹ ገጽ ገና አልተጻፈም ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውንም አጣሁ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። አለቃችን በየጠዋቱ «ደረሰ?» ይሉኛል፤ እኔም «እየተጫነ ነው» እላለሁ። ያኔ ኢንተርኔቱ ለውሸት ይመች ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ፕሮግራሙን ያዘዝኩባትን ያቺን መስመር አውጥቼ መግቢያው በእጅ እንዲጻፍ ማድረጌን ነገርኳቸው።

«እርስዎ ይጻፉት። ሰላምታው እዚያ አንዴ ይሁን፤ አንድ ቃል አልቆርጥም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! የጻፉት ሰላምታ የአንባቢውን ጤና፣ የእናቱን ወገብ፣ የድሬ ጠያራን ገጠር ዝናብ ሳይቀር ይጠይቃል። የገጾቹ ዝርዝር የሚገኘው ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቃሌን ጠበቅኩና እንዳለ አስገባሁት።

ለሠራተኛው በምናሳይበት ቀን አለቃችን ርዕሱን ተጫኑና የመጣውን ጮክ ብለው አነበቡ፦ «እንደምን አደራችሁ?»

አዳራሹ ግማሹ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ግማሹ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መለሰ። አለቃችን ግራ ገባቸው፤ ቀጥለውም ሳቁ። ሐጂ ከኋላ ሆነው ጢማቸውን ይዳብሱ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ከደብተራቸው አንድ ቅጠል ገንጥለው ሰጡኝ። ሰላምታ የለውም።

«የጀጎል ቤቶች የድሮ ማህደሮች እኔ በምቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ናቸው» ይላል። «መጀመሪያ እኔ ልነሣ።»

ያን ሁሉ ዓመት ወንበር ይመስለን ነበር። መሳቅ ጀመርኩ፤ ከመሃል ግን ሆድ ባሰኝ።