ለኩባንያው የተመረጠ አፈር

ያ የተረገመ ሪፖርት ዛሬም ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። «የአካባቢው ሁኔታና ሥነ ምድር» የሚለውን ምዕራፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መጻፍ ከተባለ። አለቃዬ ስለ አንድ ሩቅ ሞቃታማ አገር የተሠራ የወርቅ ፍለጋ ሪፖርት ሰጠኝና «የቦታውን ስም ቀይረህ አምጣው» አለኝ። ቀየርኩ። በዚህም ምክንያት ከመካነ ሰላም በላይ፣ ሰው በጋቢው ላይ ካፖርት ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት ደጋ፣ በወረቀት ላይ «ጥቅጥቅ ያለ ሞቃታማ ደን» በቀለ። ከኩባንያው ሰዎች አንዱም «የምን ደን ነው?» አላለም። ሳያነቡት ቀርተው ከሆነ ይሻላል፤ አንብበውት ከሆነማ ጉድ ነው።

እውነተኛውን ምዕራፍ ማንም የአገሬ ገበሬ ቆሞ ይነግራቸው ነበር። ላዩ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብትቆፍርም ጥቁር ድንጋይ ነው። እኛ የተማርነው ባዛልት እንለዋለን። ወርቅ ሊይዝ የሚችለው አሮጌ አለት፣ ካለም፣ ከዚያ ሁሉ ክምር ሥር ወደ ዓባይ በረሃ ነው። ይህንኑ አንድ ቀን ለአለቃዬ ብነግረው «አንተ ገና ትናንት ተመርቀህ!» ብሎ ሳቀብኝ። መኪናችን ወደ ቆላው መውረድ ስላልቻለ ደጋው ላይ እንድንፈልግ ተወሰነ። ወርቁ ለመኪናችን ሲል ሽቅብ ይወጣል መቼም!

ሥራው ቀላል ነበር። በየተወሰነ ርቀት ካስማ እንተክላለን፤ ካስማው ካለበት ቦታ እስከ ጉልበት ጥልቀት ተቆፍሮ አፈር በከረጢት ይሞላል፤ ከረጢቱ ቁጥር ተጽፎበት ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ቆፋሪዎቹ በቀን ሥራ የተያዙ ባለመሬቶች ናቸው። ከነሱ አንዱ የእናቴ ወንድም ነበሩ። መካነ ሰላም ቤት ተከራይቼ ስማር ስንቄ በየሳምንቱ የሚመጣው ከሳቸው ማሳ ነው። እኔ ደግሞ የአገሬው ልጅ ስለሆንኩ ተቆጣጣሪ ተደረግሁ። ከረጢቱን አደልኩ፣ «ከካስማው ሥር ቆፍራችሁ አምጡ» አልኩና ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ስልኬን ጎረጎርኩ። የዲግሪዬ ጥቅም ይኸው ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ አለቃዬ ሊያብድ ደረሰ። ከመቶዎቹ ከረጢቶች አንዱ፣ በአጎቴ ማሳ የተተከለው ካስማ ቁጥር ያለበት፣ ወርቅም ብርም አለው። «አኖማሊ!» እያለ ዘለለ፤ ከአካባቢው የተለየ ቁጥር ማለቱ ነው። ወርቅና ብር አብረው መገኘታቸው «እሳተ ገሞራ ያመጣው ነው» ብሎ የሚተርክበት ሰበብ ሆነለት። ያን ዕለት እንኳ ሄጄ ጉድጓዱን ልየው አላልኩም። ደስ ብሎኛል፤ በአጎቴ መሬት ኮርቻለሁ፤ ደደብ!

ሰኔ ላይ አለቃዬ አጎቴ ማሳቸውን እንዳያርሱ በእኔ አፍ አዘዘ፤ መቆፈሪያው ማሽን እስኪመጣ አፈሩ እንዳይነካካ። አጎቴ ጎረቤቱ ሁሉ ሲዘራ በሬዎቻቸውን እንደያዙ ቆመው አዩኝ።

«አንተ ካልክ እሺ። ግን ክረምቱ ሳይዘራ ቢያልፍስ?»

«አብሽሩ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ማሽኑ በክረምቱ ጭቃ ሊያልፍ አልቻለምና የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። የሰው ስንዴ ዛላው ሞልቶ ሲያጎነብስ የአጎቴ ማሳ አረም ለብሶ ነበር። ማሽኑ ቆፈረ። ጥቁር ድንጋይ። በማግስቱም ጥቁር ድንጋይ። አለቃዬ በየቀኑ «ትንሽ ይቀረናል» ይላል፤ የሚቀረው ምኑ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ከስድስት ወር በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ያን አፈር የቆፈራችሁት ከዚህ ካስማ ሥር ነው?»

ሳቁብኝ። «ከዚህ? ምን ነካህ! ይኼ እኮ ጭንጫ ነው። ሰው ከስንት አገር መጥቶ የመሬትህን አፈር አሳየኝ ሲለኝ ጭንጫ ልስጠው? ነውር አይደለም? ከደህናው ቦታ ነው የዘገንኩላችሁ፣ ከጓሮ፣ አንጥረኛው ከነበረበት። ዱባ እንዴት ያበቅል መሰለህ!»

አንጥረኛው እኔ ሳልወለድ የሞተ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን እዚያ ጓሮ የብርና የወርቅ መስቀልና ቀለበት ሲሠራ ኖሮ፣ ጎጆው ፈርሶ አመዱና ጥራጊው እዚያው አፈር ሆነ። ኩባንያው ያገኘው ወርቅ እሱ ሲሞርድ የረገፈው ብናኝ ነው። ሄጄ ነገርኩት፤ አለቃዬ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብለህ ሪፖርቱን ዝጋው» አለኝ። ዘጋሁት። ሁለት ቀን ሳይሞላ ማሽኑ ተጫነ።

በአለቃዬ ብስቅ ደስ ይለኛል፤ ሲያንሰው ነው። አጎቴ ግን ምን አጠፉ? ያላቸውን ምርጥ አፈር ሰጡ። ከካስማው ሥር ነው ወይ ብሎ የሚያይ ሰው ተቀጥሮ ነበር፤ እኔ ነኝ።

ስንሄድ መኪናው ድረስ መጡ። ስለ ማሳቸው ይጠይቁኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። በዚያ ዓመት ከገበያ ሸምተው ሊበሉ ነው፤ በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁት። እሳቸው ግን ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ አለቃዬ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አፈሬ አዋረደህ ወይ? ከሥራህ ያስወጡህ ይሆን?» አሉኝ።

«የለም፣ ጋሼ» አልኩ። እሳቸውም «ተመስገን» ብለው በሩን ዘጉልኝ።