ሙስዐብ የተዋሳቸው ሽማግሌዎች

ሙስዐብን ወልድያ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። ሥራው ድለላ ነው፤ ቤት ያከራያል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ቦታ ፈላጊን ከሻጭ ያገናኛል። «ደላላ» ካላችሁት ግን ፊቱ ይጠቁራል፤ «ኮሚሽን ኤጀንት ነኝ» ይላል። ራስ ሳይጠና ጉተና! ደላላነት እኮ ነውር የለበትም። ነውሩ በሰው ቤት በር ላይ ተደግፎ፣ የሰው መኪና ቁልፍ በጣት እያሽከረከሩ ፎቶ መነሳትና የራስ ማስመሰል ነው። ሙስዐብን ዛሬ በነጭ መኪና ታዩታላችሁ፣ በሳምንቱ በጥቁር። ሁለቱም ለሽያጭ የቀረቡ ናቸው።

እኔ ግርማ እባላለሁ። መርሳ ላይ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫና ቱቦ እሸጣለሁ። ሙስዐብን የማውቀው አፍንጫውን መጥረግ ከማይችልበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ ኤጀንትነቱ እኔ ዘንድ ብዙም አይሠራም። አያቱ ሼህ ኑርሁሴን የግራና ገበሬ ናቸው፤ ደንበኛዬም ወዳጄም ናቸው። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ይሄ በእኛ ዘንድ የሚወራ ነገር አይደለም።

የልጁ አባት ገና በጨቅላነቱ ሞተ። እናቱ ቶይባ ለሥራ ጅዳ ስትሄድ ልጇን ለአባቷ ለሼህ ኑርሁሴን ትታ ሄደች። የሼሁ ሚስት ቀድመው አርፈው ስለነበር ማጠቡም፣ ማብላቱም፣ ሲያተኩሰው በጀርባ አዝሎ መርሳ ሐኪም ዘንድ ማምጣቱም የሽማግሌው ሆነ። ወንድ ሆነው ልጅ አዝለው በአስፋልት ሲሄዱ ያየ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን ሱቄ ደጃፍ ያወርዱትና ፓፓያ በእጃቸው እየፈረከሱ ያጎርሱት ነበር። ከዚያ መልሰው ያዝሉታል።

ድምፁ መጎርነን ሲጀምር ለትምህርት ወልድያ ገባ። ገባ፣ ቀረ። መጀመሪያ «ለዒድ ይመጣል» ይባል ነበር። ኋላ «ለዒድ ይደውላል» ተባለ። ኋላ ደግሞ ለዒድ በስልኩ የግመልና የጨረቃ ሥዕል መልቀቅ ጀመረ። ሼህ ኑርሁሴን ያላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ሥዕል አያሳይም። እንግዲህ ግመሉን ለማን እንደላከው እሱ ያውቃል።

አንድ ጊዜ ሽማግሌው ናፍቆት ቢያስቸግራቸው ከረጢት ሙሉ ብርቱካን ተሸክመው ወልድያ ድረስ ሄዱለት። ሙስዐብ ከደንበኞቹ ጋር ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ደንበኞቹ «እኚህ ማን ናቸው?» ሲሉት «የአገር ቤት ጎረቤታችን ናቸው» አለ። ሰምተዋል። «ጆሯቸው ከብዷል» የሚለው የሙስዐብ ፈጠራ ነው። ከረጢቱን አስቀምጠው፣ ለሁሉም ሰላምታ ሰጥተው፣ በመጡበት ሚኒባስ ተመለሱ። ሲመለሱ እኔ ሱቅ ቁጭ ብለው «ጎረቤት ነው ያለኝ፤ ይሁን፣ ጎረቤትም ሐቅ አለው» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ደሜ ነው የፈላው።

ያፈረው እኮ በማን መሰላችሁ? ሼህ ኑርሁሴን የመስኖው የውሃ አባት ናቸው። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ገበሬ በተራው ነው የሚያጠጣው፤ ማን መቼ ቦይ እንደሚከፍት፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ሰው በውሃ ምክንያት የገዛ ወንድሙን በአካፋ ይፈነክታል። እሳቸው ከፈረዱ ግን ሁሉም አካፋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። የእህታቸው ልጅ ተራ ቢሰርቅ ከማንም ቀድመው እሱን ነው የቀጡት። የሚታመኑት ስለሚያስፈሩ አይደለም፤ ያላዩትን አየሁ ስለማይሉ ነው። ለሙስዐብ ግን የሚታየው ሽርጣቸው፣ የተሰነጠቀ ተረከዛቸውና ጭቃ የማያጣው ዱላቸው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ሚስት ፈለገ። ነሲባ እዚያው ወልድያ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ረጋ ያለች፣ ቃሏን የምትቆጥብ ልጅ ናት። ምኑን እንደወደደችው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ወደደችው ግን። «ከልብህ ከሆነ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ» አለችው። አባቷ አብዱልሐሊም የሐራ ገበሬ ነው። ሙስዐብ ስለ ወደፊት አማቱ ያጣራው ይህችን ብቻ ነው። ለአንድ አሮጌ ሚኒባስ ሊብሬውን እያገላበጠ ቀኑን የሚፈጅ ሰው፣ ስለሚያገባት ልጅ ቤተሰብ ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀም።

ሽማግሌ መላክ ወግ አለው። የሚመራው የልጁ ወገን ነው፤ አባት ከሌለ አያት፣ አያት ከሌለ አጎት። ሌላው አጃቢ ነው። ሙስዐብ ግን ቤት ሲያከራይ ግድግዳውን ቀለም እንደሚያስቀባው ሁሉ ሽማግሌም ቀለም ቢቀባ ይሻላል ብሎ ሦስት የከተማ ሰዎች ተዋሰ። አንዱ ጡረታ የወጣ የቢሮ ኃላፊ፣ ሱፍ ለባሽ ነው። ሁለተኛው በየሠርጉ ማይክ የማይለቅ ተናጋሪ። ሦስተኛው ጺሙ ያምራል ተብሎ የመጣ። እውነት ለመናገር ጺሙ ያምራል። የዱአ መቁጠሪያውን ሙስበሃ ጠዋት ከገበያ ገዝቶ በየእጃቸው ያስያዛቸው ራሱ ሙስዐብ ነው። የሚሉትንም አስጠናቸው።

«ስለ አያትህ ቢጠይቁንስ?» አለ ሱፍ ለባሹ።

«ሞተዋል በሏቸው» አለ ሙስዐብ። «ነገሩን ያሳጥረዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሦስቱ ሰዎች ሐራ አብዱልሐሊም ቤት ደርሰው፣ እንደ ወጉ ቆመው፣ ዝምድና ፈልገው መምጣታቸውን ተናገሩ። የሆነውን ሁሉ ኋላ የነገረኝ አብዱልሐሊም ራሱ ነው። ተናጋሪው ሠርግ ቤት ያለ መስሎት ብዙ አወራ። ሲጨርስ አብዱልሐሊም «የልጁ ወገን ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እናቱ ጅዳ ናት። አያቱ ሼህ ኑርሁሴን የሚባሉ የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው፣ ካለፉ ቆዩ።»

«የግራናው? የውሃ አባት የነበሩት?»

«አዎ፣ እሳቸው!» አለ ተናጋሪው ደስ ብሎት። «ያውቋቸው ነበር እንዴ?»

የአብዱልሐሊም ሚስት ግራና ላይ ከአባቷ የወረሰችው መሬት አላት። እሱ ሽንኩርት ይተክልበታል፤ ተራው ሲደርስ ሄዶ ያጠጣል።

«አውቃቸዋለሁ» አለ አብዱልሐሊም። «ትናንት ውሃ ከፍተውልኛል።»

ባለ ጺሙ ሰውዬ ጺሙን ሲያሻሽ ቆየ ይባላል። አብዱልሐሊም ጨዋ ሰው ነው፤ አላባረራቸውም። ምሳ አቅርቦ አብልቶ እስከ ደጅ ሸኛቸው። ሲሰናበታቸው ግን «የሞቱትን ሰውዬ ይዛችሁ ስትመጡ እንነጋገራለን» አላቸው።

ያንኑ ዕለት ነሲባ ለሙስዐብ ደወለች። «የገደልካቸውን ሂድና አስነሳቸው። እሳቸው አባቴ ደጅ እስኪቆሙ ድረስ እንዳትደውልልኝ» ብላ ዘጋችበት።

በማግስቱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ እኔ ሱቅ መጣ። ግራና ለመሄድ ፊት አልነበረውም፤ እኔ ዘንድ ለመምጣት ግን አላነሰውም።

«ጋሽ ግርማ፣ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሰሙዎታል።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ገድሎዎት ነበር፣ ሚስት ሲያምረው ትዝ አሉት ልበል?»

«ኧረ ጋሽ ግርማ፣ እኔ እኮ ፕሮሰሱን ለማፍጠን ብዬ ነው።»

ፕሮሰስ! የአያት ሞት ፕሮሰስ ሆነ። በያዝሁት ቱቦ ልሸነቁጠው ምንም አልቀረኝም። ግን ወሬው ቦይ ዳር ከሰው አፍ ለሽማግሌው ከሚደርስ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ሱቄን ዘግቼ ተነሳሁ። የዚያን ቀን መኪናው ነጩ ነበር።

ሼህ ኑርሁሴንን ማሳ ዳር ቆመው አገኘናቸው። አለስልሼ የምናገርበት መንገድ ስለሌለ እንዳለ ነገርኋቸው። ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጀናዛዬን ማን አጠበው?» አሉ ሙስዐብን እያዩ።

ሙስዐብ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

«ቅሬዬስ፣ ዕድሬ ሳይወጣልኝ ነው የተቀበርሁት? ስንት ዓመት የሰው ቀብር ቆሜ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው ፊታቸውን ወደ ቦዩ ውሃ አዞሩ። ምናለ ቢሰድቡት? ምናለ በዱላቸው ቢሉት? እሳቸው ግን «ልጅቱ ጥሩ ሰው ናት?» ብለው ጠየቁት።

«ጥሩ ናት፣ አባባ።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ። የሰው ደጅ በውሸት ተረግጦ አይቀርም።»

ይህን የሰማ ሌላ ሰው ቢሆን እግራቸው ላይ ይወድቅ ነበር። የእኛ ኤጀንት ሮጦ መኪናውን ከፍቶ አዲስ ኮትና የሚያብለጨልጭ ጫማ ይዞ መጣ። «አባባ፣ ለዚያ ቀን ይቺን ቢያደርጉ...» አለ። ሽማግሌው ኮቱን ዳበስ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ ግርማ፣ የምገነዝበትን ከፈንም ይዞልኝ መጥቷል!»

በቀጠሮው ቀን በሽርጣቸውና በአሮጌ ኮታቸው ሄዱ። አብረናቸው የነበርነው እኔና የቅሬው ሰብሳቢ ዓሪፍ ነን። ሙስዐብ እንደ ደንቡ ከአብዱልሐሊም ቤት ራቅ ብሎ መኪናው ውስጥ ቀረ። አብዱልሐሊም ሼሁን ሲያይ ብድግ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ሼህ።»

«የመጣንበትን ሳትሰማ አንቀመጥም። ልጅህን ነሲባን ለልጅ ልጄ ለሙስዐብ ልለምንህ ነው የመጣሁት። አስቀድሞ የመጡት ሰዎች ለዋሹብህ ውሸት አውፍ በለን።»

«አንቱ ደጄ ድረስ መጥተው እኔ ምን እላለሁ?» አለ አብዱልሐሊም። እኔ በልቤ አለቀ አልሁ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ልጁን እኔ አላውቀውም። በውሃው እንደሚፈርዱት አድርገው ይንገሩኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው። «ጨዋ ነው» ቢሉ ነሲባ ተሰጠች። የትም ያለ አያት ቀበጥ የልጅ ልጁን ጨዋ ነው ብሎ ድሯል። ማንም አይጠይቀውም። ሼህ ኑርሁሴን ግን ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«ልጅ ሳለ አውቀዋለሁ» አሉ። «ጨለማ ይፈራ ነበር፤ ጎኔን ካልያዘ አይተኛም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላ ስለነበር አይዋሽም። እስከዚያ ድረስ ያለውን ጠይቀኝ፣ ወላሂ ብዬ እመሰክራለሁ። አሁን ያለውን ሰው ግን አላውቀውም። ከማን ጋር እንደሚውል አላውቅም። ሲከፋው ማን ዘንድ እንደሚሄድ አላውቅም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ የሰው ልጅ በትዳር አላስርም።»

በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው። ዓሪፍን ሳል ያዘው።

«እንግዲያው ልጄ ትጠብቅ» አለ አብዱልሐሊም። «አወቅሁት ያሉ ቀን ይምጡ። ያን ቀን ሁለተኛ አልጠይቅዎም።»

ተቀመጥን፣ ዱአ ተደረገ፣ አሚን አልን፣ ወጣን። ሙስዐብ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ «ፈቀዱ?» አለ። የሆነውን ነገርሁት። ፊቱ ሲለዋወጥ ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

«እንዴት እንዲህ ይደረጋል?» ብሎ ጮኸ። «ጥሩ ልጅ ነው ማለት ምን ይጎዳዎታል አባባ? አያቴ አይደሉም እንዴ?»

ምላሴ ላይ የነበረው ስድብ ቆዳውን ይገፈው ነበር። ሼሁ ቀደሙኝ። የመኪናውን የፊት በር ከፍተው ገቡ፤ ጭቃ ያለበትን ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አስገቡ። እኔና ዓሪፍ ከኋላ ገባን። ሙስዐብ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

«እስኪ ንገረኝ» አሉት። ቁጣ የለበትም፤ በእርግጥ ለማወቅ ነበር የሚጠይቁት። «ሲከፋህ ማን ዘንድ ነው የምትሄደው?»

ሙስዐብ ቁልፉን ያዘ፣ አላዞረውም።

«ማንም ዘንድ አልሄድም» አለ።

መስተዋቱ ላይ ጆሮውን አየሁት፤ አልቀላም።

«እሺ» አሉት ሼሁ። «አንድ ነገር አወቅሁ። ንዳ።»