ለአያቴ የተነሱ ፎቶዎች

ብርድ ሲገባ የጋዝ ማሞቂያችን መጀመሪያ የተለኮሰ ዕለት የሚሸት የተቃጠለ አቧራ አለ፤ ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ባሕር ማዶ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባል ሰፈር የነበረው ቤታችንና ወንድሜ የተወለደበት ክረምት አብረው ይመጡብኛል።

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴን በአራስነቷ የሚንከባከቧት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ምች እንዳይመታት ብለው መጋረጃውን እንደዘጉ፣ በሩ ሥር ፎጣ ወትፈው፣ ገንፎ እያገነፉ ያበሏት ነበር። የእናቴ ሐሳብ ግን አዲስ አበባ ታማ የተኛች እናቷ ጋ ነበር። አያቴ በስልክ ለመነጋገር እንኳ አቅም አልነበራትምና፣ እናቴ የምትመኘው አያቴ የሕፃኑን ፊት አንድ ጊዜ አጥርታ እንድታይላት ብቻ ነበር።

አባቴ ፎቶ ማንሳት ስለማይሆንለት ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ሳነሳ ክፍሉ ጨለማ ነበር፣ ወንድሜም ራሱን አዞረና ፊቱ ብዥ ብሎ ቀረ። አባቴ እሱኑ አዲስ አበባ ላለው አጎቴ ላከው፤ አጎቴም ለአያቴ አሳያት። እትዬ ዘነበች አይተውት «ልጁን ነው ወይስ ጥላውን ነው ያነሳሽው?» ብለው ሳቁብኝ። እናቴ አልሳቀችም። ድገሚው አለችኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጥቶ መኪናውን ሳያስነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«አያትሽ አርፋለች» አለኝ። «እናትሽ አራስ ናት፣ እስክትጠነክር አትሰማም። አንቺ ፎቶውን ማንሳትሽን እንዳታቆሚ።»

እሺ ብዬ ቀበቶዬን አሰርኩ። አያቴን በአካል አይቻት ስለማላውቅ እንባ አልመጣልኝም፤ ሌላም ነገር አልተሰማኝም።

በማግስቱ እትዬ ዘነበች ለፎቶው ብርሃን እንዲገባ መጋረጃውን በገዛ እጃቸው ገለጡት። እሳቸውም መርዶውን ሰምተው እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን ጠብቶ ሲረካ መስኮቱ አጠገብ አስተኛው ነበር፤ እሳቸው በሌላው ጎኑ ነጭ አንሶላ ዘርግተው ይይዙልኛል፣ ብርሃኑም ከአንሶላው ተመልሶ ጉንጩ ላይ ያርፋል፤ እኔም ክርኔን ፍራሹ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳዋለሁ። ክረምቱ እየተገባደደ ብርሃኑ ሲጨምር ፎቶዎቹም እየጠሩ ሄዱ፣ ሽፋሽፍቱ እንኳ አንድ በአንድ ይታይ ነበር። እናቴ ደስ ብሏት «ይኼን ላክላት» ስትለው አባቴ ስልኩን ይዞ ኮሪደር ላይ ትንሽ ቆሞ ይመለስ ነበር።

«ምን አለች?»

«ሳቀች» ይላታል፣ ጫማውን እየፈታ።

ጓሮው መሞቅ ሲጀምር እናቴ ከአራስ ቤት ወጣች። አንድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጡ። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ ስታይ ማንም ሳይነግራት ገባት። ስታለቅስ ወንድሜን ይዤ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ፊቱ ላይ ጥሩ ብርሃን እንዳለ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ሐዘንተኛው ሁሉ ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ አባቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«የትኛውን ነው ያየችው?»

አባቴ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እኔ ተቀብዬው ወደ ኋላ፣ እስከ መጀመሪያው ፎቶ ድረስ ሄጄ አሳየኋት።

አሁን የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ሲወልዱ እየጠሩኝ ሕፃኖቻቸውን አነሳላቸዋለሁ፤ መጋረጃ ገልጬ፣ አንሶላ አስይዤ፣ እንደዚያን ጊዜው። ፎቶዎቼ ጥርት ያሉ ናቸው ይሉኛል። እናቴ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ግን ያ ብዥ ያለው ነው፣ በትልቁ ታጥቦ። ወንድሜ ቁመቱ ከእኔ በልጧል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር በእንግሊዝኛ እያጉረመረመ በሌላ ቀይሩት ይላል። እናቴ ፍሬሙን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ትሰቅለዋለች።