ሀብትነሽ ያነበበችው ወረቀት

መምህርት ሠርክአዲስ በቡሬ አቅራቢያ በምትገኝ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አስተምረዋል። ከእጃቸው የማትለይ አንዲት የካርቶን ቁራጭ ነበረቻቸው፤ መሐሏ ላይ አንድ ቃል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አለች። ተማሪው በገጹ ላይ እያንሸራተታት ያነባል። ሥዕሉም ሆነ ቀጣዩ ቃል ስለማይታየው መገመት አይችልም። ይህችን ካርቶን የቆረጧት ከአንድ ለቅሶ በተመለሱ ማግስት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ሰኔ ነበር። በዚያ ዘመን እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚወድቅ ተማሪ የለም፤ መምህሩ ያነባል፣ ክፍሉ ተከትሎ ይጮኻል፣ ዓመቱ ያልቃል። የሦስተኛ ክፍሏ ሀብትነሽ ገብረሰንበት መጽሐፉን በሙሉ በጆሮዋ ይዛዋለች። አንድ ቀን መምህርቷ ሥዕሉን በእጃቸው ሸፍነው ቢያስነብቧት አንዲት ቃል እንኳ መለየት አቃታት። ይህን እያወቁ በወላጆች በዓል ከሰው ፊት አቁመው አስነበቧት፤ ከወረዳ እንግዳ ይመጣ ነበር፣ ድምፅዋም ያምር ነበር። እናቷ እልልታዋን አቀለጠችው።

በሐምሌ እናቲቱ ታማ ፍኖተ ሰላም ተመረመረች። ሐኪሙ ቤተሰቡ እንዲረዳው ውጤቱን በአማርኛ ጽፎ በጎረቤት እጅ ላከ። ቤት ውስጥ አንባቢ አለችና ወረቀቱን ወደ ሌላ የወሰደው አልነበረም።

በእናቲቱ ለቅሶ ላይ አባትየው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «እስቲ ይዩት መምህርት፣ ደህና ነሽ ብሎ ጽፎላት አልነበረም? ልጄ ናት ያነበበችልን።»

ወረቀቱ «በሦስት ቀን ውስጥ ለቀዶ ሕክምና ይምጡ» ይላል። መምህርቷ አጥፈው መለሱለት። «እግዜር ያጽናዎት» ብቻ ብለውት ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ባነበበ ቁጥር ያ እልልታ ይሰማቸው ጀመር። የጋራውን ንባብ አስቀሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ተራ በተራ በካርቶኗ ማስነበብ ያዙ።

«በቀዳዳ አጮልቆ ማንበብ! አይጥ አደረጉን እኮ!» እያለ ዳኘው የተባለው ተማሪ ያስቃል። ሀብትነሽ አትስቅም።

«መምህርት፣ ያኔ የሐኪሙን ወረቀት ያነበብኩት ከልቤ ፈጥሬ ነው» አለቻቸው አንድ ቀን። «እናቴ አፌን አፌን ስታየኝ አልችልም ማለት አፈርኩ። ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«ስትችዪ ታነቢዋለሽ» አሉ። ያ ቀን እንዲዘገይ አንዱን ገጽ ሦስት ሳምንት አስነበቧት። ልጅቱ ግን አልዘገየችም። በመጋቢት ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ ካርቶኗን ራሷ አኖረችበት።

«በሦስት... ቀን... ውስጥ...»

«በቃ፣ ተዪው ልጄ።»

«አላለቀም» አለች፤ ከታች እስከተጻፈው ቀን ድረስ ዘለቀችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ መምህርቷ። «እንደማትችዪ እያወቅሁ ነው ከሰው ፊት ያቆምኩሽ።»

ሀብትነሽ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠቻቸው። «እንግዲያው ለአባቴ እርስዎ ያንብቡለት። እኔ አንድ ጊዜ አንብቤለታለሁ።»

አብረው ሄዱ። ገብረሰንበት ደስ ብሎት በርጩማ አቀረበ። መምህርት ሠርክአዲስ ግን አልተቀመጡም፤ ካርቶኗን በወረቀቱ ላይ አኑረው አንድ በአንድ አነበቡለት።