ከዞብል ማዶ ያየናት ሰጎን

በሃምሳዎቹ ዓመታት ቆቦ ላይ አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ባለቤቱ የወለደችለት ሦስት ልጆች ሁሉም በጨቅላነታቸው ሞተውበት ነበር። አራተኛው በማኅፀን ሳለ እንቅልፍ አጣ። የሰፈሩ ሴቶች ወሯ ገና ነው ስላሉ፣ በጥር ዕረፍት ከዞብል ተራራ ማዶ ወርደን ጥቂት ቀን እንድንሰነብት ጋበዝኩት። እኔ ሰጎን በቅርብ የማየት የቆየ ጉጉት ነበረኝ፤ የእሱንም ሐሳብ ይበትንለታል ብዬ ነበር።

ከአንበጣ ተከላካዮች የተረፈች ድንኳን ግመል ላይ አስጭነን ወረድን። ሜዳው ላይ ባደርን በማግስቱ፣ ግራጫ ላባ ያላት ሰጎን ከአሸዋ ጉድጓድ ብድግ ብላ ሸሸችን። እንቁላሎቿ ፀሐይ ላይ ቀሩ።

ሁለታችንም ያደግነው በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሰጎን እንቁላል እያየን ነው። ሰጎን እንቁላሏን የምትፈለፍለው ትኩር ብላ በማየት ነው፣ ለአፍታ ዓይኗን ብታነሣ ይበላሽባታል ተብለን ተምረናል። እኔ ይህን ምሳሌ ነው ብዬ ካለፍኩት ቆይቻለሁ። እሱ ግን ራቅ ብሎ ግራር ሥር ተቀመጠና ፊቱን ወደ ጉድጓዱ አቀና።

«ምነው፣ ልትታቀፍላት ነው?» አልኩት።

«አንተ ሻይህን አፍላ። እናታቸው እስክትመለስ ዓይን አያጡም።»

«ተፈልፍለው አባዬ ያሉህ እንደሆነ ጉድህ ነው! ቆቦ ድረስ ይከተሉሃል።»

«ይምጡ፣ አስተምራቸዋለሁ። ከአራተኛ ክፍሎቻችን አይብሱም።»

ሳቀ፤ ዓይኑን ግን አላነሣም። ቀትር ላይ አንገቱ ወደ ደረቱ አዘነበለ። ስንት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነበርና አልቀሰቀስኩትም። ሲባንን ማየቱን ቀጠለ።

ጥላ ሲረዝም ሰጎኗ ተመለሰች። ዙሪያዋን ቃኝታ እንደ ማንኛዋም ዶሮ እንቁላሎቿ ላይ ተቀመጠች።

«ታቅፋለች እኮ!» አለ ወዳጄ፤ ከላዩ ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር። ያን ሌሊት እስኪነጋ ተኛ።

በማግስቱ ድንኳኑን ነቅለን ተመለስን። ቆቦ ስንገባ መሽቶ ነበር። አማቱ ደጃፍ ላይ ተቀበለችን። ምጡ ያለ ወሩ መጥቶ፣ ሕፃኑ ሳያለቅስ ቀርቷል።

«አይዞህ ልጄ፣ እግዜር እሷን አትርፎልሃል» አለችው።

አላለቀሰም። «መቼ ነው?» አለ።

«ትናንት፣ ቀትር ላይ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ያን ጊዜ ተኝቼ ነበር?»

«ሰጎን በዓይኗ እንደማትፈለፍል አብረን አይተናል እኮ» አልኩት።

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ከዚያ ወዲያ በዚያው ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት አብረን አስተማርን። ጥያቄውን አልደገመውም። በመምህራን ክፍል ሁለታችን ብቻ በቀረን ቁጥር ግን መልሱን ገና እንደሚጠብቅ ከአቀማመጡ ይገባኝ ነበር፤ ጠመኔዬን አንሥቼ እወጣለሁ።