መልሱ የተቀደደበት መጽሐፍ

መልስ ማለት አንድ ሰው ለጠየቀው ነገር ሌላው በሚያውቀው መጠን የሚሰጠው ቃል ነው። የማያውቅ ሰው «አላውቅም» ይላል፤ እሱም መልስ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ለሰው ሁሉ ግልጽ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ወሎ ሰፈር፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው የሚንቀጠቀጥ ቤት ውስጥ ነበር። የእናቴ ወንድም ጋሼ ተሾመ አብሮን ይኖር ነበር፤ ሥራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ዕቃ ክፍል ነው። መንገደኞች ረስተውት የሄዱትና ባለቤት የጠፋለት ዕቃ አንዳንዴ ለሠራተኞች ይታደላል። አንድ ጊዜ ለባልደረባው ጃንጥላ፣ ለእሱ ደግሞ የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ደረሰው። እናቴ ጃንጥላው ይሻል ነበር አለች።

መጽሐፉ የሁለት ልጆች ታሪክ ነው፤ ወንድምና እህት፣ ሁለቱም ሰላዮች። ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው በተራ አይነበብም። በየገጹ ግርጌ እንቆቅልሽ አለ፤ ሥዕሉ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ ትፈልጋለህ፣ የተዘበራረቀ መልእክት ትፈታለህ፣ ከዚያም እንደ ምርጫህ ወደ ሌላ ገጽ ትሄዳለህ። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ መብራት ደግሞ ዘወትር ይጠፋ ነበር፣ ጋሼ ፋኖሱን ከሰል ማንደጃው አጠገብ አስቀምጦ እየተረጎመ ያነብልን ነበር። «ሰላይ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ በሩ ተዘግቶም ቢሆን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሥዕሎቹ ላይ የተጎነበስን የእኔና የእህቴ የሰናይት ፀጉር የፋኖስ ጭስ ይሸት ነበር።

«እሺ፣ ዳቦ ጋጋሪውን እንከተለው ወይስ ድልድዩ ሥር እንጠብቅ?»

«እንከተለው!» ትላለች ሰናይት፤ ሁልጊዜ መከተል ነው የምትወደው።

ጋሼ ገጹን ይገልጥና ፊቱን ያጠቁራል። «ተያዛችሁ። በሉ ተነሡ፣ ወደ መኝታችሁ።»

በማግስቱ ወደ ድልድዩ እንመለሳለን፣ እንዳልተያዝን ሆነን እንቀጥላለን። የተያዘን ሰው እንዳልተያዘ የሚያደርግ ደግነት ከዚያ መጽሐፍ በቀር የትም አላየሁም።

መጨረሻው ላይ ግን ችግር ነበር። ወደቡ ላይ አራት ሰዎች ቆመዋል፤ ከአራቱ አንዱ ከዳተኛ ነው። መልሱ ያለበት ገጽ መጽሐፉ ለጋሼ ከመድረሱ በፊት ተቀድዷል። ሰናይት ባለ ቅርጫቷ ሴትዮ ናት ብላ ድርቅ አለች። ጋሼ «እኔም እንዳንቺው ነኝ፣ የኔ እመቤት፤ አላውቅም» ይላታል።

ጋሼ ተሾመ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ያኔ እንግዳ ሲያድር ለቀበሌ ይነገራል፤ እሱ ግን ለምሳ የመጣውንም የሚያስመዘግብ ዓይነት ነው። እናም አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እኛን ፊታችንን አሳጥቦ፣ ለልጆች ማንበብ እንዲፈቀድለት ቀበሌ ሄዶ ሊጠይቅ ተነሣ።

«ማን ጠየቀህ?» አለች እናቴ።

«ሳይጠይቁኝ ላሳይ ብዬ ነው።»

«ሳይጠይቁህ ዝም በላ!»

ዝም አላለም። የቀበሌው ተጠሪ ካኪ የለበሰ ወጣት ሲሆን በትሕትና ነው የተቀበለን፤ ለእኛም አግዳሚ ወንበር አሳየን። መጽሐፉን ቀስ ብሎ አገላበጠ። ሥዕሎቹ ደስ እንዳሉት ያስታውቅ ነበር።

«እነዚህ ልጆች የሚሰልሉት ለማን ነው፣ ጓድ?»

«ጨዋታ ነው፣ ጓድ። የልጆች ጨዋታ።»

«ይሁን። ከአራቱ ከዳተኛው የቱ ነው?»

«እሱን አላውቅም። ገጹ የለም።»

«ማን ቀደደው?»

«ሳገኘውም እንዲሁ ነበር።»

«ሙሉውን አንብበህ፣ ተርጉመህ፣ መልሱን ብቻ አታውቅም?»

ጋሼ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሰናይት ትምህርት ቤት እንደለመደችው እጇን አወጣች። «ባለ ቅርጫቷ ናት!»

ተጠሪው ከልቡ ሳቀ። «አየህ፣ ልጅቷ ታውቃለች» አለ፤ ሳቁን ሳይጨርስም በር ላይ ለቆመው አብዮት ጠባቂ ምልክት ሰጠው። ጠባቂው እኛን እስከ አጥሩ በር ሸኘን። ጋሼ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

እናቴ በማግስቱ ምሳ ዕቃ ይዛ ወደ ቀበሌው እስር ቤት መመላለስ ጀመረች። ባዶው ሲመለስላት በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ያን ቀን እራት እንበላ ነበር። የጠፋውን ገጽ የት እንደደበቀውና መልሱን ለማን እንዳቀበለ ሲጠይቁት እንደከረሙ የሰማነው ኋላ ነው። ከዳተኛው ሌላ ስም እንዲኖረው ይፈልጉ ነበር፤ የሚታወቅ፣ የሰፈር ሰው ስም። ጋሼ እንደዚያ ያለ ስም አልሰጣቸውም። ለምን እንዳልሰጠ አንድም ቀን አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም፤ ምክንያቱም ጥያቄ ሲሰማ ተነሥቶ በሩን መዝጋት ጀምሮ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ለቀቁት። ጥፋት አልተገኘበትም ተባለ። አውሮፕላን ማረፊያው ግን ጥፋት የሌለበትም ቢሆን ታስሮ የወጣ ሠራተኛ አልፈለገም።

ዛሬ የራሴ ልጆች መጨረሻውን ቀድመው አይተው ነው መጽሐፍ የሚጀምሩት። አልቆጣቸውም። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ የእንቆቅልሽ ፍቅር አይደለም፤ ሰው «አላውቅም» ሲል ከሚናገረው ይልቅ የሚሰማውን ሰው ፊት የማየት ልማድ ነው።

መንግሥቱ የወደቀ ቀን ጋሼ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሰናይት እየሮጠች ገብታ «ጋሼ፣ ሄዱ እኮ!» አለችው።

«እሺ» አለ። «በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው።