ተዘዋዋሪ በሮች

ሥራ ተቋራጩ እሳት ሲነሳ ጭስ የሚያግዱትን የደረጃ መውጫ በሮች የገዛው ለአንድ ሕንፃ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር በር ገጣሚው ካለቀው ሕንፃ ነቅሎ አዲሱ ላይ ይገጥማቸዋል። ሲነቅል ሲተክል ሸበተ። አሁን ግን ተራው ልጁ ሕፃኗን ይዛ የምትኖርበት ሕንፃ ሆነ።

«ጌታዬ፣ ይህን እንኳ ይተዉልኝ» ብሎ ለመነ።

«አንተ ሰውዬ፣ በር ነው የምትነቅለው ጥርስ? ካቃተህ ሌላ ሞልቷል!» አለው ተቋራጩ።

ከላይኛው ወለል ጀምሮ እየነቀለ ወረደ። ልጁ ያለችበት ወለል ሲደርስ በሩን ሳይነካ አለፈ። ቀጣዩን በር ሲጀምር፣ ከእሷ በታች ባለው ወለል የሚኖሩ አሮጊት ድምፅ ሰምተው ወጡ።

«ልታድስልን ነው? እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ ጭሱን የሚመልስልን እኮ ይህ በር ነው» እያሉ ከባዱን በር ደገፉለት።

ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። ብሎኑን ፈታ።